ሻማዬ ሳይቀልጥ ለምን ጎበጠ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ቤት ውስጥ ሻማ እየሠራሁ እሸጣለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ገበያው ይደራል። ችግሩ መስኮቱ ጋ የደረደርኳቸው ከሰዓት በኋላ ይጎብጣሉ። ፓራፊኑን የሸጠልኝ ሰው «58 ዲግሪ ካልደረሰ አይቀልጥም» ብሎኝ ነበር። የጅማ ፀሐይ እዚያ ይደርሳል እንዴ? ወይስ ተሸውጃለሁ?

መልስ፦ አልተሸወድሽም። ሻማሽም አልቀለጠም። ግን ጠጣር ነው ብለሽ ብዙ አትመኚው።

ፓራፊን የካርቦን ሰንሰለት ነው፤ በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ካርቦን ተያይዞ። መምህር ሳለሁ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ቀጥ ያለ ዚግዛግ አድርጌ ስዬዋለሁ። ልክ ነው፤ ለቀዘቀዘ ሻማ። ሲሞቅ ግን አንዳንዱ ማያያዣ ዞር ይልና ሰንሰለቱ ይታጠፋል። ኬሚስቶች ይህን መታጠፍ በፈረንሳይኛ ቃል «ጎሽ» ይሉታል። ክፍል ውስጥ ቃሉን ባነሳሁ ቁጥር ተማሪዎቼ «ማንን ነው የሚያሞግሱት?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

የት ነው የሚታጠፈው? ወደ አጋሮ የሚሄድ የሞላ ሚኒባስ አስቢ። ተሳፋሪው ወገቡን ማዞር አይችልም፤ አንገቱን ግን ያዞራል። ሰንሰለቱም እንደዚያው ነው፤ ጫፉ ይታጠፋል፣ መሃሉ በጎረቤቶቹ ተይዟል። መሃል ላይ አንዴ ቢታጠፍ የቀረው አካሉ ጎረቤቱን ይገፋል። ስለዚህ ወዲያው ወደ ሌላው አቅጣጫ ደግሞ መታጠፍና ወደ መስመሩ መመለስ አለበት። እሱ ድርብ ወጪ ነው፤ ብርቅ የሆነውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነ ሮበርት ስናይደር የተባሉ ኬሚስቶች ዓይን በማያየው በኢንፍራሬድ ብርሃን ሲመረምሩት ጠጣሩ ውስጥ ያለው መታጠፍ በብዛት ጫፍ ጫፉ ላይ ሆኖ አገኙት።

21 ካርቦን ያለውን ብቻውን ብትወስጂ የሚቀልጠው 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግን 32 አካባቢ ላይ፣ ገና ጠጣር ሳለ፣ ሰንሰለቶቹ በቆሙበት መሽከርከር ይጀምራሉ። ያኔ ይለሰልሳል። ሲቀልጥማ ከማያያዣዎቹ ሲሶ ያህሉ ይታጠፋል፤ የተተበተበ ክር በይው።

ያንቺ ፓራፊን ደግሞ አጭርና ረጅሙ የተቀላቀለበት ነው። አጭሩ ጫፍ ላይ ክፍተት ይተዋል፤ ረጅሙ እዚያ ይታጠፋል። ስለዚህ 58 ሳይደርስ ገና ድሮ ይለሰልሳል።

ከመስኮቱ አንሺያቸው። የጎበጡትንም እንዳትጥያቸው፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆይተሽ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ብታንከባልያቸው ይቃናሉ።