ቱቦውን አትናጡት

ልጆቼ፣ ላብራቶሪ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቱቦ ኢንዛይም (የሰውነትን ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) ገደልኩ። ደህና አድርጎ እንዲቀላቀልልኝ ብዬ ቅቤ እንደሚንጥ ሰው ናጥኩት። ነጭ አረፋ ደፈቀ። ስፈትሸው ሥራው ድራሹ ጠፍቷል። አለቃዬ አልተቆጡም። "ምኑ ጎደለ?" አሉኝ ብቻ።

ቆሜ አሰብኩ። ምንም አልጎደለም። ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ፍሬዎች፣ ከአሚኖ አሲዶቹ፣ አንድ እንኳ አልወጣም፣ አልገባም። የተበላሸው ቅርጹ ነበር።

ያኔ የ20ዎቹን አሚኖ አሲዶች ስም እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣው ነበር። ፈተናም ያለፍኩት በዚያው ነው። ፕሮቲን ግን የአሚኖ አሲዶች ክር ነው፤ ሥራ የሚጀምረውም ተጣጥፎ ቅርጽ ሲይዝ ነው። ውሃ የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች ወደ ውስጥ ይደበቃሉ፤ ውሃ የሚወዱት አብዛኞቹ ውጭ ይቀራሉ። አረፋ ውስጥ ውሃና አየር ሲገናኙ የተደበቁት ወደ አየሩ ይሳባሉ፣ ክሩ ይፈታል፣ የተፈቱት እርስ በርስ ይያያዛሉ። አሬራ ተጥዶ አይብ ከአጓት ሲለይ አይታችሁ የለ? እዚያም ሙቀቱና ኮምጣጣነቱ የወተቱን ፕሮቲኖች ነው የሚያያይዛቸው። አይቡን መልሳችሁ አሬራ አታደርጉትም።

አንዳንዱ ፕሮቲን ግን ይመለሳል። አሜሪካዊው ክርስቲያን አንፊንሰን ከከብት ቆሽት የሚገኝ ሪቦኑክሊዬዝ የሚባል ኢንዛይም ወሰደ፤ 124 አሚኖ አሲድ ነው። ዩሪያ በሚባል ኬሚካል ፈታው፣ ክሩን የሚያስሩትን 4 የድኝ ማሰሪያዎችም በሌላ ኬሚካል በጠሰ። ኬሚካሎቹን ሲያስወግድ ክሩ ራሱ ታጥፎ ሥራውን ቀጠለ። የአስተጣጠፉ መመሪያ እዚያው ክሩ ላይ ነበር ማለት ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ኖቤል ተሸለመበት።

እኔ የምወደው ግን ያልተሳካለትን ሙከራ ነው። ዩሪያው ሳይወጣ ማሰሪያዎቹ ሲታሰሩ ኢንዛይሙ ደነዘ። የ4ቱ ማሰሪያዎች 8 ጫፎች ጥንድ ጥንድ የሚሆኑባቸው 105 መንገዶች አሉ፤ ትክክሉ አንድ ነው። ዩሪያውን አስወግደው ማሰሪያ የሚፈታውን ኬሚካል ጠብ ሲያደርጉበት የተሳሳቱት ቋጠሮዎች እየተፈቱ እየታሰሩ ቦታቸውን አገኙ። እንግዲህ ሙከራችሁ ሲበላሽ ቱቦውን ለመድፋት አትቸኩሉ። ቋጠሮው የቱ ጋ እንደተሳሳተ ፈልጉ።

አንዲት ለውጥም ቀላል አይደለችም። በደም ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ፕሮቲን፣ በሄሞግሎቢን፣ ቤታ በሚባለው ክር 6ኛው ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ የሚባለው አሚኖ አሲድ ቫሊን በሚባለው ሲተካ፣ ውሃ የሚሸሽ ነገር ውጭ ላይ ይቀራል። ሄሞግሎቢኑ ኦክስጅኑን ሲለቅ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ቀይ የደም ሴሉም እንደ ማጭድ ይጎብጣል። ሰው በዚህች ዕድሜውን ሙሉ ይታመማል።

"አልፋፎልድ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅርጹን ቁጭ ብሎ ይነግረን የለ? እኛ ምን ቀረን?" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሠሪዎቹም በ2024 እ.ኤ.አ. ኖቤል ወስደዋል። ሳይንቲስቱ ማክስ ፔሩትዝ የሄሞግሎቢንን ቅርጽ ለማግኘት ከ20 ዓመት በላይ ነው የፈጀው፤ ቀናሁባችሁ እንጂ ምን እላለሁ! ግን ስክሪን ላይ ያለው ቅርጽ አረፋ አያወጣም። በእጃችሁ ያለው ቱቦ ያወጣል። በፒፔት (ፈሳሽ እየለካ በሚስበው መሣሪያ) ቀስ ብላችሁ ሳቡ፣ ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። የመጨረሻዋን ጠብታ ለማስወጣት ደግሞ ፒፔቱን እስከ ጥግ አትጫኑት፤ አረፋው የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።