ዝናብ ሁሉ ሐዘን አይደለም፦ ስለ ልቦለድ ድባብና ቃና ጥያቄና መልስ

ልቦለድ የሚሞክሩ የጎጃም ወጣቶችና አንዳንድ መምህራን ስለ ትዕይንት አጻጻፍ የላኩልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ሥራዬ የሰው ረቂቅ ማረም ስለሆነ ምላሴ ቢሾል ታገሡኝ።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ጋሼ፣ ገጸ ባሕሪዬ ባሏ በሞተ በሳምንቱ ብቻዋን የተቀመጠችበትን ምዕራፍ በዝናብ ጀመርኩት። ያነበቡልኝ ሁሉ «የተለመደ ነው» አሉኝ። ዝናቡን ላውጣው?

መልስ፦ አታውጪው፤ ሥራ ስጪው። የአገራችን ዝናብ በራሱ ሐዘን የለበትም። ሰኔ ላይ ማሳውን አዘጋጅቶ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ገበሬ ደመናው ሲወርድለት ደስ ይለዋል እንጂ አያለቅስም። ሐምሌ ላይ ደግሞ ጮቄ ተራራ ሥር ያለ ሰው ዝናብን ከነመኖሩም ይረሳዋል። ድባብ የሚመጣው ከሚያየው ዓይን ነው። ያቺ ሴት ምን ታያለች? ባሏ ክረምት ሳይገባ ሊከድነው ያሰበው የሣር ጣሪያ ያፈሳል እንበል። ተነሥታ ድስት ከሥሩ ታስቀምጣለች፤ ሲሞላ ደጅ ወጥታ ትደፋና መልሳ እዚያው ታኖረዋለች። ጎረቤት ገብታ «ጣሪያውን ማን ይክደንልሽ?» ብትላት እንኳ መልስ ላትሰጥ ትችላለች። «አዘነች» የሚለውን ቃል ከጨመርሽ ግን የደከምሽበት ጠብታ ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ድባብና ቃና አንድ አይደሉም?

መልስ፦ አይደሉም። ድባብ አንባቢውን የሚከበው ስሜት ነው፤ ቃና ተራኪው ለሚያወራው ነገር ያለው አመለካከት። የልቅሶ ቤቱ ድባብ ከባድ ሆኖ ተራኪው በለቀስተኞቹ አስመሳይነት ሊያሾፍ ይችላል። እኔ በበኩሌ ሁለቱ የሚጋጩበትን ገጽ አብልጬ እወዳለሁ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ መምህር)፦ ተማሪዎቼ ቃናን በምን እንዲለዩት ላድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ ከአንቱታ ይጀምሩላቸው። የአማርኛ ተራኪ ገለልተኛ ልሁን ቢል እንኳ «መጣ» ወይም «መጡ» ሳይል አያልፍም፤ ግሡ ራሱ ወገን ያስይዘዋል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ተራኪው ፊታውራሪ መሸሻን አንቱታውን ሳይነሳቸው ትዕቢታቸውን ያጋልጠዋል፤ ሳቁም ከዚያው ከአክብሮቱ ይመነጫል። በቅኔ አገር ለሚያድጉ ልጆች ሰም የለበሰ ነቀፋን ማስረዳት አይከብድዎትም። ከዚያ አንድ መልመጃ ይስጧቸው። አንድ ዳኛ ከገረዲቱ ዓይን እየታየ ወደ ቤት ይግባ፤ መጀመሪያ በ«እሱ»፣ ቀጥሎ በ«እሳቸው» ይጻፍ። ሦስተኛው በ«እሳቸው» ጀምሮ መሐል ላይ ወደ «እሱ» ይውረድ። ገረዲቱ ምን አይታ ነው አንቱታውን የቀነሰችው? ተማሪው ይህን ከመለሰ ቃና ምን እንደሆነ ገብቶታል፤ ትርጉም ማስጻፍ አያስፈልግም።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ «ፈራች» ሳልል ፍርሃትን እንዴት ላምጣ?

መልስ፦ ቋንቋችን ግሡን እስከ መጨረሻ ያቆያል፤ ተጠቀምበት። «አንድ ሰው በሩን ከውጭ ገፋ» ብትለኝ ሁሉንም አስቀድመህ ነገርኸኝ። «መወርወሪያውን ሸጉጣ የተኛችበት በር፣ ነፋስ በሌለበት ሌሊት፣ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ጎበጥ አለ» ብትል ግን እስከ መጨረሻው ቃል ታስጠብቀኛለህ። «እሳቱን ዳፍና፣ ልጆቿን አልብሳ፣ ኩራዙን አጥፍታ» እያለ የሚንቀሳቀስ ረጅም ዓረፍተ ነገር ደግሞ አንባቢን ያዘናጋል። በዚያ አረጋጋኝና በአጭሩ አስደንግጠኝ። ሁሉም አጭር ከሆነ ማንም አይደነግጥም።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ በአንድ ትዕይንት ውስጥ ድባብ መለወጥ ይቻላል?

መልስ፦ ደጀን ተቀምጠህ ይህን ትጠይቀኛለህ? ከከተማህ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ተጀቡኖ ተነሥቶ ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋል። ባልና ሚስት አውቶቡስ ላይ አስቀምጥልኝ። ደጋው ላይ አንድ ጋቢ ተጋርተዋል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ጋቢውን ቀድሞ የሚገፋው ማን ነው? ሌላው ያጥፈዋል ወይስ እንደወደቀ ይተወዋል? ስለ ጠባቸው አንድ ቃል ሳትጽፍ ጠቡ ይታየኛል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ደማቅ ሠርግ እየጻፍኩ ነው፤ አንባቢ መከራ እንደሚመጣ እንዲጠረጥር እፈልጋለሁ።

መልስ፦ አንድ ነገር ብቻ አጉድል። ሙሽራዋን መሸኘት የሚገባው ወንድሟ የለም፤ የት እንዳለም ማንም አይጠይቅም። ተራኪው «ወዮ፣ የነገው ዕጣ!» ብሎ ከጮኸ ግን ሠርገኛውን በተነው።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ ስሜቱ እንዲጎላ ቃለ አጋኖ ብደራርብስ?

መልስ፦ ከላክሽልኝ ምዕራፍ ውስጥ እናቲቱ ልጇን «እራት ቀርቧል!!!» ትለዋለች። ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ ነበር። ሦስቱንም አውጪያቸው።