መንዝ ላይ የአያቷን ዘር ለምትፈልገው እህት፦ ከጽሕፈት ቤት አትጀምሪ

ሰላም እህቴ፣

እዚህ ግሩፕ ላይ የጻፍሽውን ደግሜ አነበብኩት። አያትሽ ከመንዝ ወደ አዲስ አበባ እንደመጡ፣ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ደብራቸውም «ሚካኤል» እንደሆነ እንጂ ሌላ አታውቂም። ወረዳ ደውለሽ «ደብዳቤ አምጪ» ብለውሻል፣ ደብዳቤውን ማን እንደሚጽፍልሽ ነው የጠየቅሽን። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች በቅንነት የደብዳቤውን መንገድ አሳይተውሻል። እኔ ግን ደብዳቤውን ተይው ነው የምልሽ። የእኔም አያት የዚያው አገር ሰው ናቸው። ዛሬ በእሳቸው በኩል በወንድም በሴትም ሰባት ቤት እቆጥራለሁ፣ ከእነዚያ ስሞች አንዱንም ከመንግሥት መዝገብ አላገኘሁትም። በዚህ እኮራለሁ። ብቻዬን ግን አልሠራሁትም፤ የዚህ ግሩፕ ሰዎች ባይኖሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቼ ነበር። እኔ ባለፍኩበት ቅደም ተከተል ልንገርሽ።

1. የልደት መዝገብ ፍለጋ ጊዜሽን አታጥፊ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ነው፣ በአገር ደረጃ መመዝገብ የተጀመረው ደግሞ በ2008። አያትሽ ሲወለዱ የመዘገባቸው የመንግሥት ጸሐፊ የለም።

2. ስማቸውን እንደምታውቂ እርግጠኛ አትሁኚ። አዲስ አበባ «ኃይሌ» የተባለ ሰው አገሩ ላይ ኃይለ ማርያም ወይም ኃይለ ጊዮርጊስ ሊሆን ይችላል፤ «ገብሬ»ም፣ «ወልዴ»ም እንደዚሁ። ከዚህ የባሰ የሚያስቸግረው የክርስትና ስም ነው። ቤተ ክርስቲያን ፍትሐቱንም ተዝካሩንም የምታደርሰው በክርስትና ስም ነው፣ ጎረቤት ደግሞ የሚያውቀው በዓለም ስሙ ብቻ ነው። ማዕረግ ከነበራቸው ጭራሽ ስሙ ይጠፋል፤ ዕድሜ ልካቸውን «ግራዝማች» ሲባሉ ኖረው ልጅ ልጃቸው ስማቸውን የማያውቅ አሉ። ስለዚህ መንዝ ከመሄድሽ በፊት እዚሁ አዲስ አበባ ሥራሽን ጨርሺ። የአያትሽ ነፍስ አባት በሕይወት ካሉ እሳቸውን፣ ከሌሉም ደብሩ ላይ የተኳቸውን ጠይቂ። የዕድራቸውን አሮጌ መዝገብ አስፈልጊ። የአገራቸው ልጆች ጽዋ የሚጠጡበት ማኅበር ካለ ሄደሽ ተቀመጪ። ሦስት ነገር ይዘሽ ካልወጣሽ አትንቀሳቀሺ፦ የክርስትና ስም፣ የወንድም ወይም የእህት ስም፣ «ሚካኤል» ከሚለው በፊት የሚጠራው የቦታ ስም። መንዝ ውስጥ ሚካኤል አንድ አይደለም።

3. ሴቶቹን አትዝለይ። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ በወንድ ብቻ የሚወጡ ሰዎች ቶሎ ይደርቅባቸዋል። በርስት ሥርዓት ሰው መሬት የሚወርሰው በአባቱም በእናቱም ነበር። ተሟጋቹ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናውን አባት፣ አቅኚውን፣ እስኪደርስ ድረስ አንዱን ቤት በወንድ አንዱን በሴት እየቆጠረ ነበር የሚወጣው። ለጋብቻም ቢሆን ሽማግሌዎች ሥጋ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት ሲቆጥሩ የሴቷን ወገን አይተዉም። ስለዚህ አያቶች በአንደበታቸው ይዘውት ያለው ትውልድ ሴቶችም ያሉበት ነው። «የእናታቸው እናትስ?» ብለሽ ካልጠየቅሽ ግን ማንም አይነግርሽም።

4. መሬት እንደማትፈልጊ ገና ከደጅ አስታውቂ። በዚህኛው ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ ያስከፈለኝ ይህ ነው።

እኔ እንዳንቺው ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቴ አጽፌ ነበር የሄድኩት። የድሮ የአውራጃ ፍርድ ቤት የርስት ክርክር መዝገቦች የተከማቹበት አንድ ጽሕፈት ቤት አለ ተባልኩ። የትኛው እንደሆነ ስሙን አልጠራም፤ ስሙን ብጠራው ለአንቺ የሚጠቅምሽ ነገር የለም። ሐሳቤ ጥሩ ነበር፣ ዛሬም ጥሩ ነው እላለሁ። በርስት ክርክር ከሳሽ እስከ አቅኚው ድረስ ትውልዱን ይዘረዝራል፣ ተከሳሽም የራሱን፣ ምስክሮችም ይመሰክራሉ። የዘር ሐረግ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ ሰነድ በአገራችን የለም።

መዝገብ ቤቷ ውስጥ ያለችው ሴትዮ «ከሳሽ ነህ ተከሳሽ?» አለችኝ። ሁለቱንም አይደለሁም፣ ተከራካሪዎቹ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው ነው ብላት «ባለጉዳይ ካልሆንክ ታዲያ ምን ትሠራለህ» ብላ ደብዳቤዬን መለሰችልኝ። ማኅተሙ ደበዘዘ ተባለ። አስተካክዬ ስመጣ ለክፍሉ ሳይሆን ለኃላፊው ይጻፍ ተባለ። ለኃላፊው አጽፌ ስመጣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ይህን ሁሉ ታገሥኩ፤ የአገራችንን ቢሮ አውቀዋለሁ። ያልቻልኩት የመጨረሻውን ነው። ኃላፊው ከስልኩ ቀና ሳይል ደብዳቤዬን ገረፍ አድርጎ አየና፣ የገበያ ቀን ነበር፣ ኮሪደሩ በገበሬ ተሞልቶ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ «የአያቱን ርስት ሊያስመልስ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነው» አለ። «አይደለም» ስል ማን ይሰማኛል። ያ ወሬ ከእኔ ቀድሞ አያቴ የተወለዱበት ቀበሌ ገባ።

በማግሥቱ የአባቴ የአጎት ልጅ ቤት ስደርስ ሰውየው ደጁ ላይ ቆሞ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ አገር አልነበረም» አለኝ። መልኩ ቁርጥ የአባቴ መልክ ነው። ውኃ እንኳ ሳልቀምስ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ ያ ደጅ ተዘግቶብኝ ኖረ።

በገበሬው አልፈርድም፣ አንቺም እንዳትፈርጂ። የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ርስትን ሽሯል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ትውልድ ቆጥሮ መሬት ማስመለስ በሕግ የለም። ግን «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ሲባል የሰማ ጆሮ አዋጅ አያረጋጋውም። በክልሉ በ1989 የተደረገውን የመሬት ድልድል ያየ፣ ዛሬ የያዛት ጥማድ በይዞታ ደብተሩ ላይ የተጻፈችለት ሰው፣ ከከተማ የመጣ እንግዳ «አያቴ የማን ልጅ ናቸው?» ሲለው የሚሰማው ክስ ነው። ለዘመናት ያ ጥያቄ የሚጠየቀው ለክስ ነበርና። ይህን የሚያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ በሕዝብ ፊት ያንን ቃል መናገሩ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ታዲያ ደጁ እንዴት ተከፈተ? እዚሁ ግሩፕ ላይ የደረሰብኝን ጽፌ ነበር። እናቷ የዚያ አገር ሰው የሆነች አንዲት እህት በውስጥ መስመር አናገረችኝ። አጎቷ በአጥቢያው ቄስ ናቸው። «በራስህ አትሂድ፣ የደብሩ ንግሥ ዕለት ሂድ፣ እሳቸው ይዘውህ ይገባሉ» አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ ቄሱ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው «ይህ ልጅ የመጣው ሥጋውን ፍለጋ ነው፣ ከመሬታችሁ ጭብጥ አፈር አይፈልግም» ብለው ተናገሩልኝ፤ እኔም ተነሥቼ በሽማግሌዎቹ ፊት በቃሌ አረጋገጥኩ። ደጁ ላይ የመለሰኝ ዘመዴ እዚያው ነበር። እጄን ይዞ ወደ ቤቱ ወሰደኝ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጃንሆይ ጊዜ ራሳቸው በርስት የተሟገቱ ነበሩ። እሳቸው የእኔን ትውልድ ከአቅኚው ጀምረው እንደ ዳዊት በቃላቸው ወረዱት፤ ወደ ጎን የተገነጠሉትን ቤቶች፣ ወደ ሌላ ምድር የተዳሩትን ሴቶች ጭምር። ማስታወሻ ለመያዝ እንኳ አልደረስኩባቸውም፣ አስፈቅጄ በስልኬ ቀዳሁት። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቁት ከ1967 በፊት ጎልማሳ የነበሩት ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው ትውልድ ለመሬት ብሎ መቁጠር ስላላስፈለገው አልተማረውም። ስለዚህ እህቴ፣ የቢሮ ደብዳቤ ስታሳድጂ የሚያልፈው ጊዜ የእነሱ ዕድሜ ነው።

ቁጥሩን ትቼዋለሁ፣ የቀረውን እንዲሁ ልጻፍልሽ።

የሰማሽውን ሁሉ ከሌላ ሰው ጋር አመሳክሪ፣ ግን ሁለት ሽማግሌ አንድ ላይ አስቀምጠሽ አትጠይቂ። በዕድሜ የሚያንሰው ለታላቁ ክብር ብሎ እሺ ይላል። ዓመተ ምሕረትም አትጠይቂ፤ «ምን በሆነ ጊዜ?» በይ። ዓድዋ ሲሉሽ 1888 ነው። ክፉ ቀን ሲሉ ከ1880 እስከ 1884 ያለው ረኃብ ነው። ሰገሌ ሲሉ ጥቅምት 17 ቀን 1909፤ ሰሜን ሸዋ ያለ ቤተሰብ የሰገሌን ጦርነት ሳያነሣ አይቀርም። የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928። እነዚህን ከስሞቹ ጎን ጻፊያቸው። ዓድዋ ዘመተ የተባለው ሰው ልጁ የተወለደው ከማይጨው በኋላ ከሆነ መሃል ላይ ትውልድ ወድቆ እንደሆነ ጠይቂ። በእኔ ዝርዝር የሆነው ይኸው ነበር፤ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ አጭር ስም ይጠሩ ስለነበር ሁለቱ ሰዎች አንድ ሆነው ተቆጥረዋል። ይህን ያገኘልኝ የዚህ ግሩፕ አባል የሆነ መምህር ነው፤ ዝርዝሩን ከፍቶ አንድ በአንድ ዕድሜ እያሰላ። ስሙን እንዳልጠራ ስለለመነኝ ነው እንጂ ምስጋናው ለሱ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ የቆየ የብራና ወንጌል ካለው ዕድለኛ ነሽ። በባዶ ገጾቹና በኅዳጉ ላይ የመሬት ስጦታ፣ ኑዛዜ፣ ውል ይጻፍበት ነበር፣ ከነምስክሮቹ። ግን እንዲሁ ሄደሽ «አሳዩኝ» አትበይ። ብራና ተሰርቆ የሚሸጥበት አገር ስለሆነ ቢጠረጥሩሽ እውነት አላቸው። ቄሰ ገበዙን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁትን ቄስ፣ በሰው በኩል ቅረቢ፣ ካስፈለገም ከቤተ ክህነት ፈቃድ አምጪ (እዚህ ላይ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ይህኛውን ደብዳቤ እደግፋለሁ)። አንቺ ብራናውን አትንኪ፣ እነሱ ይግለጡልሽ፣ ፎቶም እነሱ ሲፈቅዱ ብቻ። እኔ ያነሣሁትን ፎቶ የግሩፑ አባል የሆነ አንድ ዲያቆን አነበበልኝ። አንዲት ወለተ ጊዮርጊስ ለተዝካሯ መሬት ስትሰጥ ይላል። በቤተሰባችን ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል ሴት ማንም አያውቅም ነበር። በኋላ ሽማግሌው የመሬቱን ስም ሲሰሙ፣ ያንን ቦታ የሰጠችው የአያቴ ቅድመ አያት እንደሆነች ነገሩኝ፤ የዓለም ስሟን ስናውቀው የኖርነው ሴት ናት። የክርስትና ስም ያዢ ያልኩሽ ለዚህ ነው።

አንድ ሰው መጥቶ አሥራ ምናምን ትውልድ ተጽፎ ያለቀ ዝርዝር በገንዘብ ልሽጥልሽ ቢል አትግዢው። የሸዋ ነገሥታት አባት ነጋሲ ከመንዝ የተነሡ በመሆናቸው ብዙ ሰው ዝርዝሩን እሳቸው ላይ ማድረስ ይወዳል። ሊሆን ይችላል፣ በጉልበትሽ ቆጥረሽ ከደረስሽ ደስ ይበልሽ። እኔ የተሸጠለትን ወንድም አውቃለሁ፤ ከላይ ነገሥታት ተደርድረዋል፣ ከታች የገዛ አያቱ እናት ስም ተሳስቷል።

የወረዳ ስምም አያታልልሽ። ድሮ መንዝና ግሼ አንድ አውራጃ ነበር፣ ዛሬ ወረዳዎቹ ብዙ ናቸው። ሽማግሌዎች ግን ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ ብለው ነው የሚያውቁት። የአያትሽ አገር ከሦስቱ የትኛው ምድር እንደሆነ ካወቅሽ ፍለጋሽ በብዙ ይቀላል።

ለመሄድ ጥር ጥሩ ነው። አዝመራው ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ሠርግ ስለሚበዛ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ዝምድና የሚቆጠረውም ያኔ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን ከመነሣትሽ በፊት ከአገሩ ሰው አረጋግጪ። ወፍራም ልብስ ያዢ፣ ብርዱ ቀልድ አያውቅም። ቡናና ስኳር ይዘሽ ግቢ፤ ብር አውጥተሽ አትስጪ፣ ብር ከሰጠሽ የመሬቱ ጥርጣሬ ይመለሳል።

አሁን ከአያትሽ ወገን በዕድሜ የምትበልጠው አክስት ካለች በዚህ ሳምንት ውስጥ ሄደሽ የክርስትና ስማቸውንና የሚካኤሉን ቦታ ጠይቂልኝ። ቦታውን እዚሁ ሥር ጻፊው። የረዳችኝ እህት አሁንም እዚህ አለች፣ በሷ በኩል የሚታወቅ አጥቢያ ከሆነ ከቄሱ ጋር እኔ ራሴ አገናኝሻለሁ፤ ካልሆነም ከዚያ አካባቢ የሆነ ሰው ከመሃላችን አይጠፋም።