ኢንተርኔቱ እየሠራ ስዊቹ አላስገባ ላለህ

ወንድምዓለም፣ «አዘዞ ቢሯችን መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ሲስኮ 2960 ስዊቻችን (የቢሮውን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘው ሳጥን) በኤስኤስኤች፣ ማለትም በኔትወርክ ከሩቅ ሆኖ ማዘዣው፣ አልገባ አለ፣ ግማሹ ሠራተኛ ግን ኢንተርኔት አለው፤ ሪሴት ላድርገው?» ላልከው፦ ኧረ በጭራሽ! ስዊቹ በርቶ እያለ ሞድ የምትለዋን ቁልፍ 10 ሰከንድ ያህል ከያዝካት ኮንፊጉን (ቅንብሩን) አጥፍታ ታስነሳዋለች። ያን ጊዜ ግማሹ ሳይሆን ሁሉም ይጮህብሃል።

1. ስዊቹን በቀጥታ ከላፕቶፕህ በሚያገናኘው በኮንሶል ኬብል ግባ። ፑቲ የሚባለው የትእዛዝ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ ሲሪያል፣ ፍጥነት 9600፣ ዳታ ቢት 8፣ ፓሪቲ የለም፣ ስቶፕ ቢት 1። ፍሎው ኮንትሮሉን አጥፋው፤ ፑቲ ሲከፈት በርቶ ነው የሚመጣው። የተዘበራረቀ ፊደል ካየህ ፍጥነቱ ነው። ምንም ካልመጣ የኮም ቁጥሩን (ኬብሉ ላፕቶፑ ላይ የያዘውን ፖርት) ወይም የዩኤስቢ አስማሚውን ድራይቨር እይ።

2. «ሾው አይፒ ኢንተርፌስ ብሪፍ» በል። ቪላን ማለት ስዊቹ ውስጥ ለብቻው የተከፈለ ኔትወርክ ነው፤ ስዊቹን ለማዘዝ የምትገባበት የማኔጅመንት ቪላኑ «አድሚኒስትራቲቭሊ ዳውን» (በትእዛዝ የተዘጋ) ካለ «ኖ ሻትዳውን» ብለህ ክፈተው። አፕ ሆኖ ፕሮቶኮሉ ዳውን ከሆነ ቪላኑ አልተፈጠረም፣ ወይም ውስጡ አንድም የበራ ፖርት የለም። ከዚያው ኔትወርክ ገብቶ ከሌላው እምቢ ካለ «አይፒ ዲፎልት-ጌትዌይ» (ወደ ሌላ ኔትወርክ መውጫው) ጎድሏል።

3. አይፒው ጭራሽ ከሌለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያንተም ይኼው ይመስለኛል። የገጠመልህ ሰው «ራይት ሜሞሪ» (የሴቭ ትእዛዙ ነው) ሳይል ሂሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። እንዲህ ያሉትን ስንቱን ቢሮ ሲያስለቅሱ አይተናል! ራኒንግ ኮንፊግ፣ ማለትም አሁን እየሠራ ያለው ቅንብር፣ ያለው ጊዜያዊ ማህደር በሆነው ራም ላይ ነው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሰውን የሚያሳስተው «ሾው ቪላን» ስትል ቪላኖቹ በስማቸው ተደርድረው መታየታቸው ነው። ቪቲፒው (የቪላን ዝርዝር ለስዊቾች የሚያካፍለው) ሰርቨር ሞድ ላይ ከሆነ እነሱ መብራት ቢሄድም በማይጠፋው ፍላሽ ላይ በሌላ ፋይል ስለሚቀመጡ አይጠፉም፤ ፖርቶቹ ግን ሁሉም ቪላን 1 ውስጥ ተመልሰው ተኮልኩለዋል። አንድ በአንድ መመደብ ነው፣ መላ የለውም።

ኮንፊጉን ሴቭ አድርጎ ፓስወርዱን ግን ሳይሰጥህ ከሄደ፦ የኃይል ገመዱን ንቀል፣ ሞድን ተጭነህ መልሰህ ሰካ፣ «ስዊች፡» የሚል እስኪመጣ ጠብቅ። የይለፍ ቃል ማስመለሻው ተዘግቷል ብሎ ኮንፊጉን ላጥፋ ካለህ እምቢ በልና ተው። ካላለ «ፍላሽ_ኢኒት»፣ ከዚያ ኮንፊግ.ቴክስትን ኮንፊግ.ኦልድ ብለህ ስሙን ቀይር፣ «ቡት»። ሴትአፕ ልጀምር ሲልህ «ኖ»። «ኢኔብል» (ሙሉ ሥልጣን መግቢያው) ካልክ በኋላ ስሙን መልስና ፋይሉን ወደ ራኒንግ ኮንፊግ ኮፒ አድርግ። እዚህ ጋ ነው ጥንቃቄው፦ ኮፒ ሳታደርግ «ራይት ሜሞሪ» ካልክ ባዶው ኮንፊግ በነባሩ ላይ ይጻፍበታል፤ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። ከኮፒው በኋላም ከኢኔብል አትውጣ፣ የድሮው ፓስወርድ ተመልሷልና። አዲሱን አስገባ፣ የቪላን ኢንተርፌሱን «ኖ ሻትዳውን» በለው፣ አሁን ሴቭ አድርግ።

ኤስኤስኤች ብቻ እምቢ ካለ ሆስትኔምና ዶሜይን ኔም ሰጥተህ የአርኤስኤ ቁልፉን (ኤስኤስኤች ግንኙነቱን የሚመሰጥርበትን) በ2048 ቢት ፍጠር። ላፕቶፕህ አዲስ ሆኖ ስለ ቁልፍ ልውውጥ የሚያማርር ከሆነ ጥፋቱ የስዊቹ እርጅና ነው፤ በፑቲ ሞክረው፣ ያስጠነቅቅሃል እንጂ አይከለክልህም።