መልስ፦ ከሰዓት በኋላ ጭሱ ለምን ወደ ማድ ቤት ይመለሳል?

ቱቦሽ አጭር ነው። ጠዋት ስትጋግሪ ደህና የሚወጣው ጭስ ከሰዓት በኋላ የሚመለስብሽ፣ የጭስ ማውጫው ጫፍ ከዋናው ቤት ጣሪያ በታች ስለቀረ ነው። ምድጃውን ማፍረስ አያስፈልግም።

ቀን ላይ ፀሐይ መሬቱን ከውሃው ቶሎ ስለምታሞቀው ነፋሱ ከጣና ወደ ባሕር ዳር ይነፍሳል። ማድ ቤትሽ ደግሞ ከዋናው ቤት ጀርባ፣ በደቡብ በኩል ነው ብለሻል። ነፋሱ ጣሪያውን ተሻግሮ ቁልቁል ሲወርድ ያገኘው የቱቦሽን አፍ ነው።

1. ቱቦውን አስቀጥዪ። በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ከፍተኛ ጣሪያ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይብለጥ።
2. የላሜራ ቆብ አስደርጊለት፤ ክረምት ላይ ዝናቡንም ይከለክላል። በቆቡና በቱቦው አፍ መካከል ግን በቂ ክፍተት ይኑር፣ አለዚያ ጭሱ ይታፈናል።
3. መታጠፊያ ካለው ቀጥ ይበል። ጥላሸት የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

እሳቱን በደረቅ ጭራሮ ጀምሪ። ቱቦው ሳይሞቅ አይስብም፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከማገድሽማ ምንም ቱቦ አያድንሽም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ቱቦው ጣሪያውን ሲያልፍ ማገሩን እንዳይነካ። እኛ ሰፈር አንድ ቤት ማገሩ ቀስ እያለ ሲጠቁር ከርሞ አንድ ቀን ተያያዘ። ብየዳ ሠራተኛው «ችግር የለውም» ቢልሽ አትስሚው። በቱቦው ዙሪያ ያለውን እንጨት አስቆርጪና ክፍተቱን በላሜራ ያልብስልሽ። ኮርኒስ ካለሽም እንደዚያው ነው።