የትራክተሩ የኋላ ጎማ ለምን በባዶው ይዞራል?

ከሰንዳፋ አንድ ወንድማችን ጽፎልኛል። አባቱ ያገለገለ ባለ 75 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ገዝተዋል። የኋላ ጎማው 18.4-30፣ የፊቱ 7.50-16 ነው። ዝናብ ከጣለ በኋላ ዋልካው ላይ ዲስክ ማረሻውን ሲያወርዱት የኋላ ጎማው በባዶው ይሽከረከራል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዱካው ላይም ውሃ ተኝቶ ይቀራል። ጎሚስታው አራቱንም ጎማ 35 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ነፍቶላቸዋል። ልጅ «ሰፊ ጎማ እንግዛ» ይላል። አባት «ንፋሱ በዝቷል፣ ይቀነስ» ይላሉ።

ወንድሜ፣ አባትህ ልክ ናቸው። ብሩን ለጊዜው አስቀምጡት።

35 ፒኤስአይ ለፊት ጎማዎቹ ብዙም አይከፋም። ለኋላዎቹ ግን በጣም ብዙ ነው። ጎሚስታው ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው መገመት እችላለሁ። የኋላውን ጎማ ጎን በእርጥብ ጨርቅ ጥረገውና አንብበው። ብዙ የእርሻ ጎማዎች ላይ ከ35 ፒኤስአይ እንዳይታለፍ የሚያስጠነቅቅ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለ። ያ ጎማው ሲገጠም ጠርዙ ቸርኬው ላይ ቁጭ እንዲል በሚነፋበት ሰዓት ያለው ጣሪያ ነው። የሥራ መጠን አይደለም። ጎማችሁ ባለ 8 ፕላይ (ጎኑ ላይ የሚጻፍ የጥንካሬ ደረጃ) ከሆነ በዚህ ንፋስ ማረስ ከሚፈቀድለት በላይ መሄድ ነው።

ጎማው ሲወጠር መሬት የሚነካው መሃሉ ብቻ ነው። ትራክተሩን ለስለስ ያለ መሬት ላይ ጥቂት ሜትር ንዳውና ወርደህ ዱካውን እይ። የመሃሉ ጥርስ ጠልቆ የዳርና ዳሩ በደንብ ካልታተመ ንፋሱ በዝቷል ማለት ነው። ሌላም ነገር አለ። ጎማ አፈሩን የሚጫነው ውስጡ ካለው ንፋስ ጋር በሚቀራረብ ኃይል ነው። በ35 የሚሄድ ጎማ በ15 ከሚሄደው ከእጥፍ በላይ ይጫናል። ዱካው ውሃ የሚይዘው ለዚህ ነው።

«የጤፍ ማሳ እኮ በከብት ይረገጣል» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ግን ያ ላይ ላዩን ነው፣ ለዘሩም ይጠቅማል። የትራክተር ጫና ወደ ታች ይዘልቃል፣ ዋልካ እርጥብ ሆኖ ከተጠቀጠቀ ደግሞ ቶሎ አይላቀቅም። ስለዚህ ከማረስህ በፊት ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር አውጣና በመዳፍህ አሽው። እንደ ክር ከተሳበ የዚያን ቀን ትራክተሩ ይቁም። ንፋስ መቀነስ ጭቃን አያደርቅም።

አሁን ስንት ይሁን? መጀመሪያ መጠኑ ላይ ያለውን ምልክት እይ። 18.4-30 ከሆነ ተራ ጎማ ነው፣ 18.4አር30 ከሆነ ራዲያል ነው። ለእንዲህ ያለ ትራክተር የኋላው ተራ ጎማ እርሻ ላይ ከ14 እስከ 16 ፒኤስአይ፣ ማለትም 1 ባር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። ራዲያል ከሆነ እስከ 12 መውረድ ይቻላል። ራዲያል ጎኑ ወጣ ብሎ ሲታይ ሰው ደንግጦ ይነፋዋል። ተውት፣ ተፈጥሮው ነው። የፊቶቹን ከ28 እስከ 32 አድርጓቸው።

እነዚህ ግን መነሻ ናቸው። ልኩን የሚነግርህ ክብደቱ ነው። የከባድ መኪና ሚዛን ያለበት ሂድና ማረሻው ተነስቶ እንዳለ የኋላ እግሮቹን ብቻ አስመዝን። ለሁለት አካፍለውና ከጎማው አምራች ሠንጠረዥ ላይ ለዚያ ክብደት የተጻፈውን ንፋስ አንብብ። ከሠንጠረዡ በታች ከወረድክ ጎማው ቸርኬው ላይ እየዞረ የካላማዳሪያውን ቫልቭ ይቆርጠዋል። ለዚህ መከላከያው ቀላል ነው። ከቸርኬው ወደ ጎማው የሚሻገር አንድ መስመር በነጭ ቀለም አስምርበት። መስመሩ ከተሰበረ ጎማው ዞሯል፣ ንፋስ ጨምር።

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። የጎሚስታን መለኪያ ብቻ አትመን። ለመኪና የተሠራው መለኪያ በዝቅተኛ ቁጥር ላይ ብዙ ጊዜ ይዋሻል፣ የራሳችሁን ግዙ። ትራክተሩን ለኪራይ ወደ መተሐራ አካባቢ የምታወርዱት ከሆነ ደግሞ እዚያ ስትደርሱ እንደገና ለኩ። ከሰንዳፋ ከፍታ ወደ ቆላ ሲወርድ መለኪያው እስከ 2 ፒኤስአይ ቀንሶ ሊያሳይ ይችላል።

ንፋሱን ካስተካከልክ በኋላ መንሸራተቱን ለካው። ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ማረሻው ተነስቶ 10 ዙር ሲዞር የሄደውን ርቀት ለካ፣ ለእናንተ ጎማ ወደ 46 ሜትር ይሆናል። ከዚያ እያረስክ 10 ዙር ለካ። 34 ሜትር ብቻ ከሄደ 26 በመቶ እየተንሸራተተ ነው፣ ከአራት ሊትር ነዳጅ አንዱን ያለ ሥራ እያቃጠላችሁ ነው ማለት ይቻላል። የሚፈለገው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ክብደት ይጎድለዋል። የብረት ክብደት ከኋላ ቸርኬው ላይ ጨምሩ፣ ወይም ጎማው ውስጥ ውሃ አስሞሉ። ቫልቩ ወደ ላይ ዞሮ እስከ ቫልቩ ድረስ ነው የሚሞላው፣ ይህም ሦስት አራተኛው ነው። በአንድ ጎማ 300 ሊትር አካባቢ ይገባል። ውሃ ካለበት ንፋሱን የምትለካው ቫልቩን ወደ ላይ አዙረህ ነው። መንሸራተቱ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ግን ክብደቱ በዝቷል፣ ቀንሱ።

ሰፊውን ጎማ በተመለከተ ሐሳብህን አልቀበለውም። 18.4 ማለት 47 ሳንቲሜትር ገደማ ወርድ ነው። ስታርስ አንዱ ጎማ ትልሙ ውስጥ ነው የሚሄደው። ከዚህ የሰፋ ጎማ አሁን የገለበጥከውን አፈር መልሶ ይረግጠዋል። ቸርኬውም ላይገጥም ይችላል። ጥርሱ ከግማሽ በላይ ካለቀ ግን ያንኑ መጠን በጥንድ ቀይሩ። በአንድ አክስል ላይ ራዲያልና ተራ አትቀላቅሉ። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች እዩ። 2319 ከሆነ በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሥር የተሰነጠቀውን በርካሽ ቢሰጧችሁም አትንኩት። ስታስገጥሙ ጎኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ፊት የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል። ተገልብጦ ከተገጠመ ጭቃውን ወደ ውጭ ከመጣል ይልቅ ይሰበስበዋል።

የቀረው አስፋልቱ ነው። ተሳቢ ጭናችሁ ወደ ለገዳዲ ስትወጡ በእርሻ ንፋስ አትሂዱ። ጎማው ይሞቃል፣ ትራክተሩም ይዋልላል። ጎኑ ላይ ከተጻፈው የሥራ ጣሪያ ሳታልፉ ጨምሩ፣ ማሳ ስትመለሱ ቀንሱ። ይህ በየቀኑ የሚያለፋችሁ ከሆነ ትንሽ ኮምፕረሰር መግዛት ከሰፊ ጎማ የተሻለ ወጪ ነው። የሚዛኑን ቁጥርና የጎማውን ጎን ፎቶ ላክልኝ፣ ትክክለኛውን ንፋስ አብረን ከሠንጠረዡ እናወጣለን።