ባዶው ቱቦ ለምን ነጣ? ስለ ዝቃጭ፣ ስለ ጥቀርሻና ስለ ኖራ ውሃ

ጥያቄ፦ መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ አካባቢ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ሲልቨር ናይትሬትን ከገበታ ጨው ጋር አገናኝቼ ነጭ ዝቃጭ ሳሳይ፣ ለማነጻጸሪያ በጨው ፈንታ ውሃ ብቻ የጨመርኩበት ቱቦም አብሮ ይነጣል። በላምባ ኩራዝ የማሞቃቸው ቢከሮች በጥቀርሻ ይጠቁራሉ። ከነበልባሉ የሚወጣውን ጋዝ በቱቦ ወደ ኖራ ውሃ ስመራው ደግሞ አይደፈርስም። በትንፋሽ ሲሆን ይደፈርስና ተመልሶ ይጠራል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ ኬሚካሉ አልተበላሸም፤ ችግሩ ውሃው ነው። የቧንቧ ውሃ በክሎሪን ስለሚታከም ክሎራይድ አያጣም። የጉድጓድና የምንጭ ውሃ ደግሞ ድንጋይና አፈር እያሟሟ ስለሚመጣ ክሎራይድ፣ ሰልፌትና ባይካርቦኔት ይዞ ይወጣል። በሊትር ጥቂት ሚሊግራም ክሎራይድ ካለ ሲልቨር ናይትሬት ያጋልጠዋል። ማፍላት መፍትሔ አይሆንም፤ ውሃው ሲተን ክሎራይዱ እዚያው ቀርቶ ጭራሽ ይበረታል።

ስለዚህ ከትምህርቱ በፊት ውሃውን ይፈትኑት። በሁለት ንጹሕ ቱቦዎች አምስት አምስት ሚሊ ሊትር ይቅዱ፤ በአንዱ 3 ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት፣ በሌላው ሰልፌት ካለ የሚያጋልጠውን ባሪየም ክሎራይድ 3 ጠብታ ይጨምሩ። ከኋላ ጥቁር ወረቀት ይዘው 2 ደቂቃ ይጠብቁ። ሁለቱም እንደጠሩ ከቆዩ ውሃው ለሥራ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ውሃ በቅርብ የሚገኘው ከጋራዥ ወይም ከነዳጅ ማደያ ነው፤ የባትሪ ውሃ ይባላል። ሲገዙ ግን ይጠንቀቁ፦ የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጀሪካን ይሸጣል፤ እሱ ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ቆዳና ዓይን ከማቃጠሉ በላይ ከባሪየም ክሎራይድ ጋር ወዲያው ነጭ ይሆናል። ክረምት ላይ ከሆኑ ደግሞ የዝናብ ውሃ በነጻ አለ። ዝናቡ የቆርቆሮውን አቧራ አጥቦ እስኪጨርስ ይተዉትና፣ ከዚያ በኋላ ከአሸንዳው የሚወርደውን ዘይትም ጨውም ባልነካው ጀሪካን ይቀበሉ። እሱም ቢሆን ሳይፈተን አይግባ። ቱቦዎቹንም በዚሁ ውሃ ሁለት ጊዜ ያለቅልቁ፤ በቧንቧ ውሃ ታጥቦ የደረቀ ብርጭቆ፣ በላብ የራሰ ጣትም ክሎራይድ ያስገባል።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለ100 ሚሊ ሊትር ውሃ 0.85 ግራም ሲልቨር ናይትሬት ይበቃል፤ ውድ ስለሆነ ከዚህ ማወፈር ብክነት ነው። ጨው 0.6 ግራም ያህል ይሁን። ለሰልፌቱ ሙከራ ባሪየም ክሎራይድ 2.4 ግራም፣ ደረቅ ሶዲየም ሰልፌት 1.4 ግራም። ሲልቨር ናይትሬቱን በቡናማ ጠርሙስ ያኑሩት፤ ብርሃን ያበላሸዋል፣ የነካውንም ቆዳ ያጠቁራል።

ነጭ ያየነው ሁሉ ክሎራይድ አይደለም፤ ካርቦኔትም ከብር (ከሲልቨር) ጋር ይዘቅጣል። መለያው ጥቂት ጠብታ ቀጭን ናይትሪክ አሲድ ነው፦ ካርቦኔት ከሆነ እየተንፈቀፈቀ ይሟሟል፣ ክሎራይድ ከሆነ ይቀራል። እዚህ ላይ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚተኩ አሉ፤ ክሎራይዱን ራሳቸው ጨመሩት ማለት ነው። ለባሪየሙ ሙከራ ግን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። የሚሟሟ ባሪየም መርዝ ነው፤ ተማሪ በአፉ ቱቦ እንዳይስብ። ትርፉን ሶዲየም ሰልፌት አብዝተው ጨምረውበት አዝቅጠው ያስወግዱ። የብሩን ዝቃጭ በአንድ ጠርሙስ ያጠራቅሙት እንጂ አይድፉት።

ወደ ጥቀርሻው ስንመጣ፣ የአየሩ ነገር አለ። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ቢሆንም አየሩ ስስ ነው። 1 ግራም ላምባ ነድዶ ለማለቅ 3.5 ግራም ያህል ኦክሲጅን ይፈልጋል። ይህን ለማግኘት በባሕር ጠረፍ 12 ሊትር ያህል አየር ሲበቃው፣ እናንተ ዘንድ ከ17 ሊትር በላይ ያስፈልገዋል። ኩራዝ አየር የሚስብበት መስታወት የለውም፤ ክሩ በረዘመ ቁጥር ከሚደርሰው አየር በላይ ላምባ ይተናል፣ ያልነደደው ካርቦን ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ቢጫው ብርሃንም የጋለው ካርቦን ነው፤ ቀዝቃዛ ቢከር ሲነካው ሳይነድ ብርጭቆው ላይ ይለጠፋል።

በላምባ መቀጠል ግድ ከሆነ ክሩን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ያውጡት፣ ቢከሩንም ከነበልባሉ ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገው በሽቦ ወንፊት ላይ ያስቀምጡት። መስኮት ይከፈት። የመንዝ ብርድ ዝጉ ዝጉ ቢያሰኝም፣ ጥቀርሻ ያለበት ነበልባል መርዘኛውን ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድንም ያወጣል።

የእኔ ምርጫ ግን 95 በመቶ አልኮል ነው። ከላምባ ክብደት 85 በመቶ ያህሉ ካርቦን ነው፤ ከአልኮል 52 በመቶ ብቻ። አልኮል በራሱ ውስጥም ኦክሲጅን ስላለው ለ1 ግራም ከውጭ የሚፈልገው 2.1 ግራም ነው። ዳግም አረቄ አይተካውም፤ ግማሽ ያህሉ ውሃ ስለሆነ ቢቀጣጠልም እሳቱ ደካማ ነው። የጋለ መብራት ላይ አልኮል አይጨመርም፣ ቤንዚንማ በጭራሽ ወደ መብራት አይገባም።

የኖራ ውሃ የሚደፈርሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባበት ነው፤ የእርስዎ ያልደፈረሰው ጋዙ ስላልደረሰው ነው። ከነበልባል የወጣ ጋዝ የሚስበው ከሌለ በቱቦ ወርዶ ውሃ ውስጥ አይገባም። ግማሽ ሊትር የሚይዝ አፈ ሰፊ ጠርሙስ አፉን ደፍተው ከነበልባሉ በላይ 30 ሰከንድ ይያዙ፤ በሳህን ይክደኑት፣ ሲቀዘቅዝ 10 ሚሊ ሊትር የኖራ ውሃ ጨምረው ይወዝውዙት። ኖራውም አዲስ ይሁን፤ ተከፍቶ የከረመ ኖራ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ካርቦኔት ሆኗል። በ1 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ የጠፋ (ውሃ ጠጥቶ የበረደ) ኖራ በጥብጠው ያሳድሩት፣ የጠራውን ብቻ አጥልለው ጠርሙሱን እስከ አፉ ሞልተው ይክደኑ። ለዚህ የጉድጓድ ውሃም ይሆናል፤ ኖራው የውሃውን ባይካርቦኔት አዝቅጦ አብሮት ይወርዳል።

ተመልሶ የጠራው ትንፋሹ ስለበዛ ነው። ለ10 ሚሊ ሊትር በቀሰም አንድ ሁለት ትንፋሽ በቂ ነው። ከዚያ ካለፈ ዝቃጩ ከተጨማሪው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር የሚሟሟ ካልሲየም ባይካርቦኔት ይሆናል። የጠራውን አይድፉት፤ ተማሪዎቹ ፊት ያፍሉት፣ ጋዙ ሲወጣ ነጩ ዝቃጭ ይመለሳል።